ሃያ ስምንት ባር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ዘንድሮ በሰሜን ክፍለ ከተማ መስከረም እንዲጠባ ጉዱን ያዋጣሁት እኔ ነኝ። ነገሩ ከሆነ ሳምንታት አልፈዋል፤ እስካሁን ግን ቧንቧ ተከፍቶ ሽው ሲል በሰማሁ ቁጥር ክው እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን የምታጠበው በጣሳ ነው።

ምን ነካህ ለምትሉኝ እነግራችኋለሁ። ከመንገሬ በፊት ግን ማን እንደሆንኩ ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ የጥፋቱ ልክ አይገባችሁም። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን መቐለ መጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ በአንድ ነገር ነው፦ መለኪያ የሌለው ቁጥር አልቀበልም። ተማሪው ስሌቱን አሳምሮ ሠርቶ መጨረሻ ላይ «25» ብሎ ከተወው፣ «25 ምን? ፍየል?» ብዬ በቀይ ጽፌ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ይህ በሽታ ከክፍል ውጭም ይከተለኛል። አንድ ቀን የባጃጅ ሹፌር ዓይደር ለመድረስ ስንት እንደሚቀረን ብጠይቀው «አምስት» አለኝ። «አምስት ምን? ደቂቃ ነው ኪሎሜትር?» ብዬ ያዝኩት። «አምስት ጉድጓድ» አለኝ። መለኪያ ስለጠቀሰ አመሰገንኩት።

የምኖረው ኣደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፤ መቐለ ውስጥ በዕድሜ የገፋች ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው፤ ወንዱ ደግሞ ኣቦይ ይባላል። ኣደይ ለተብርሃን ባላቸውን ኣቦይ ሃይሉን ያጡት ዓምና ነበር። የሙት ዓመቱ ተዝካር የሚወጣው በዚያ ሳምንት እሑድ ነበር። ከውቅሮ በኩል ዘመድ ይመጣል፣ ከሰፈሩ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ካህናቱ ይመጣሉ። ኣደይ ሳምንቱን ሙሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ «ሃይለይ ሰው ይወድ ነበር። በሱ ስም የመጣ ሰው ጠምቶት ከቤቴ አይወጣም።» ሃይለይ የሚሉት ሃይሉዬ ለማለት ነው። ምግቡን ብዙም አላነሡትም። የሚያስጨንቃቸው ውሃው ነው።

ቢያስጨንቃቸውም አይፈረድም። በእኛ ሰፈር ውሃ እንደ ትልቅ እንግዳ ነው። ሲመጣ ቤት ሙሉ ሰው ተነሥቶ ይቀበለዋል፤ ሲቀር ደግሞ ለምን ቀረህ ተብሎ አይጠየቅም። ኣደይ በየተራው የመጣውን ውሃ ጠብታ ሳያባክኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያጠራቅሙ ሰንብተው፣ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዘውን ጥቁሩን ሮቶ አፉ ድረስ ሞሉት። እኛ ተከራዮቹ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እግራችንን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን ነበር የምንተኛው። ስዋው፣ ማለትም በእኛ አነጋገር ጠላው፣ ተጠንስሶ የመጨረሻ ውሃውን ይጠብቃል። ወጡ፣ የዕቃው እጥበት፣ የእንግዳው እጅ መታጠቢያ፣ ሁሉም ዐይኑን የጣለው እዚያ ሮቶ ላይ ነው።

ችግሩ ሮቶው የተቀመጠው በሩ አጠገብ መሬት ላይ ሲሆን፣ ድንኳኑና ማብሰያው ደግሞ ከግቢው ኋላ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ በጄሪካን ሽቅብ እንዳይመላለሱ ብሎ የኣደይ የወንድም ልጅ አዲስ የውሃ ፓምፕ ገዝቶ አመጣ። ፓምፑ ራሱ የሚነሣና ራሱ የሚቆም ዓይነት ነው። ቧንቧ ሲከፈት ይነሣል፤ ቧንቧው ተዘግቶ ግፊቱ የተወሰነለት ልክ ሲደርስ ይቆማል። ልኩ የሚወሰነው አናቱ ላይ ያለችውን ብሎን በማጥበቅና በማላላት ነው። ቢበዛ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ከሌለሁበት።

ቧንቧውን የዘረጋው ሃፍቶም ነው። ሃፍቶም የሰፈሩ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የእኔ እኩያ ቢሆን ነው፤ ወሬ አያበዛም። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሥራውን ጨርሶ ብሎኗን ሊያስተካክል መፍቻውን ሲያነሣ፣ ኣደይ ከፓምፑ ካርቶን ውስጥ የወጣውን ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ ወደይ፣ ይህን አንብብልን እስቲ። አንተ እያለህ በግምት አንሠራም» አሉኝ።

ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። አንድን መምህር ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ባለበት፣ «አንተ እያለህ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መምህር ያልሆነ ሰው አይገባውም። ደረቴ በሁለት ጣት ያህል ሰፋ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ መነጽሬን ጠረግኩ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«ኣደይ፣ ወረቀቱ ይቅር ግድ የለም» አለ ሃፍቶም ቀስ ብሎ። «እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ሠርቻለሁ። መርፌዋ ሦስት ልትሞላ ስትል ነው የማቆማት።»

«ሦስት ምን?» አልኩት።

«ሦስት…» አለና ፓምፑ ላይ ያለችውን ክብ መለኪያ አየት አደረገ። «ይህቺ እዚህ የተጻፈችው ሦስት።»

«ልምድ ጥሩ ነው፣ ሃፍቶም» አልኩት። «ሳይንስ ግን ሌላ ነው።» ይህን ያልኩት በሕይወቱ ሙሉ ቧንቧ ሲሠራ ለኖረ ሰው ነው። ዛሬ ሳስታውሰው ትራሴን ፊቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

ወረቀቱ «ፓምፑ 280 ኪሎፓስካል ሲደርስ ይቁም» ይላል። ፓምፑ ላይ ያለው መለኪያ ግን የተጻፈው በባር ነው። ባር ስል መጠጥ ቤቱን ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም የግፊት መለኪያዎች ናቸው፣ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለእኔ ደግሞ መለወጥ ማለት እንደ እንጀራዬ ነው። ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁ፤ ቅዳሜም ቢሆን ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። ሰማያዊ የተቀባው የግቢው የብረት በር ላይ፣ ሁሉም እንዲያየው በትልቁ፣ «1 ባር = 10 ኪሎፓስካል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ 280ን ለ10 አካፈልኩ። ሃያ ስምንት ባር። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእኔ ጋር አብራችሁ እንዳትሳሳቱ። አንድ ባር መቶ ኪሎፓስካል ነው። አስር አይደለም፣ መቶ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ሁለት ነጥብ ስምንት ባር ነበር፤ ማለትም ልክ ሃፍቶም እንዳለው፣ መርፌዋ ሦስት ልትሞላ ስትል። አስሯን ከየት አመጣሃት ካላችሁኝ፣ አንድ ሜጋፓስካል አስር ባር ነው፤ አንድ ኪሎፓስካልም አስር ሚሊባር ነው። አስሯ አለች፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥኳት።

መቼም ጤነኛ ሰው ቢሆን የሚነቃበት ዕድል ነበረው፤ የፓምፑ መለኪያ ቁጥሩ የሚያበቃው አስር ላይ ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሃፍቶም፣ «ይህቺ መርፌ ከአስር በላይ መሄጃ የላትም።»

«አየህ የዛሬ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ» አልኩት እያዘንኩ። «መለኪያውን እንኳ ጨርሰው አይጽፉትም። አንተ ብሎኗን እስከ መጨረሻው አጥብቃት፤ ግፊቱ ራሱ ያውቃል።»

ግፊት ራሱ ያውቃል ብሎ ያስተማረኝ ማንም የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሃፍቶም እኔን አየኝ፤ በሩ ላይ የተጻፈውን አየ፤ ኣደይን አየ። ወይዘሮ የሺ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የምትኖር የሸዋ ሰው፣ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ተከራይ ናት፤ ሽንኩርት እየላጠች «መምህር ካለ አለ ነው» አለች። ኣደይም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሕራይ» አለ ሃፍቶም። እሺ ማለት ነው፤ የሱ አባባል ግን ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናችሁ» እንደሚባለው ነበር። ከዚያ «የቧንቧው ሙጫ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ፤ እርስዎ እስከዚያ ሻይ ይጠጡ» አለኝ። እኔም እንደ ባለድል መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ሄጄ በሁለት ስኳር ጠጣሁ።

ስመለስ የሃፍቶም ሁኔታ ገረመኝ። ሽቦው ላይ ሰቅሎት የነበረውን ጃኬት አውርዶ ላስቲክ ውስጥ ከቶታል። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎታል። ጫማውን አውልቆ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቧል። ኣደይን «እዚህ ፀሐይ ነው» ብሎ ወደ በረንዳው ወሰዳቸው። ፀሐይ አልነበረም። ለተዝካሩ ተብሎ በረንዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኣቦይ ሃይሉን ፎቶ አውርዶ ደግሞ ቤት አስገባው። «ነፋስ አለ» አለ። ነፋስም አልነበረም። እኔ በበኩሌ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው ብዬ በልቤ አደነቅኩት።

ብሎኗ ጠበቀች። ፓምፑ ተነሣ። መርፌዋ አንድ አለች፣ ሁለት አለች፣ ሦስት ልትሞላ አለች። ሃፍቶም ቀና ብሎ በዐይኑ ጠየቀኝ።

«ገና ነው» አልኩ።

አራት ስትደርስ የፓምፑ ድምፅ ተለወጠ፤ ቅድም እንደ ንብ ነበር፣ አሁን እንደ በሬ ሆነ። አምስት ላይ ግድግዳውን ይዞ የሄደው ቧንቧ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይዘሮ የሺ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«መምህር፣ ይህ ነገር እንዲህ ማቃሰቱ ደኅና ነው?» አለችኝ።

መርፌዋን አየሁ፤ ስድስት ላይ ናት። «ደኅና ነው። ገና ሃያ ሁለት ባር ይቀረዋል» አልኳት።

ጧ።

የመጀመሪያው ከላይ ከማብሰያው በኩል ነበር። አንድ የቧንቧ ክርን፣ መታጠፊያው ማለት ነው፣ ከመጋጠሚያው ተነቅሎ በድንኳኑ አናት ላይ አልፎ ጎረቤት ግቢ ገባ፤ ወዲያው ዶሮ ሲንጫጫ ሰማን። ሁለተኛው ከእኔ ክፍል አጠገብ ነው፤ ቧንቧው ለሁለት ተከፍሎ በመስኮቴ በኩል አልጋዬን አጠበው። ሦስተኛው በቀጥታ እኔን ነበር የሚፈልገው። ደረቴ ላይ ያረፈው ውሃ አንሥቶ ወይዘሮ የሺ ሽንኩርት የላጠችበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጠኝ። እዚያው ሳፋ ውስጥ ሆኜ ደርቄ ቀረሁ። ውሃ ውስጥ ተቀምጦ መድረቅ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሃፍቶም ፓምፑን ለማጥፋት ዐይን እስኪርገበገብ አልፈጀበትም፤ ለካ እጁ ከማጥፊያው ላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ውሃው ግን አልቆመም። ከእኔ ክፍል አጠገብ የተከፈለው ቧንቧ ከሮቶው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ሮቶው በራሱ ጊዜ እየወረደ ይፈስ ጀመር። ሃፍቶም የሮቶውን መዝጊያ ሊዘጋ ሲሮጥ እኔ ቀደምኩት። ጥፋቴን በገዛ እጄ ላርም ብዬ ነው። መዝጊያውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ከድንጋጤዬ የተነሣ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ጠፋኝ፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጠመዘዝኩት። እጀታው ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ።

የሁለት ሳምንት ውሃ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መንገዱ ወረደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብሎ የተረተው ሰው የእኛን ሰፈር አላየም፤ ጎረቤቱ ሁሉ በባልዲ፣ በሳፋና በድስት ወጥቶ ያፍስ ጀመር። አንዲት ሴት እያፈሰች ወደ ላይ ቀና ብላ ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር። ሃፍቶም እጀታ ከሌለው መዝጊያ ጋር በመፍቻው ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻ አሸነፈው፤ ያን ጊዜ ግን የሚዘጋው ውሃ አልነበረም።

ወይዘሮ የሺ ሽንኩርቷን ከጭቃው ውስጥ እየለቀመች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ ግን እኔ እንድሰማ አድርጋ፣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለች።

ኣደይ ለተብርሃን ከበረንዳው ወረዱ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮሁ ደግ ነበር። «ደሓን ዲኻ፣ ወደይ? አልተጎዳህም?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሮቶው ሄደው በጣታቸው አንኳኩት። ባዶ ጎማ ሲመታ እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰጠ። እጃቸውን ሮቶው ላይ እንዳደረጉ፣ «መምህር፣ ነገ ሰው ይመጣል። በሃይለይ ስም የመጣ ሰው ጠምቶት ሊሄድ ነው?» አሉኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዐይናቸው ወሰዱ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ መሬቷም ጭቃ ስለሆነች ግማሽ ያህል ውጣኝ ነበር። ጥፋቱን በፋብሪካው ላላክክ ብዬ የረጠበውን ወረቀት አነሣሁና ገለበጥኩት። ከጀርባው «1 ባር = 100 ኪሎፓስካል» ይላል። ፊደሉ ጥቃቅን ስለሆነ አላየሁትም ብዬ እንዳልዋሽ፣ በሣጥን ውስጥ፣ በደማቁ ነው የተጻፈው። ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፤ መቶው መቶ እንደሆነ ነው። በሩ ላይ ያለውን የእኔን አስር አየሁ። አንዲት ዜሮ ብቻ ጎድላኝ ይህን ያህል ካፈሰሰች፣ ሁለት ብትጎድል መቐለን ይዣት እሄድ ነበር።

ሁለት ጄሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ቢያንስ ለስዋው የሚሆን ውሃ ለምኜ ልመልስ ብዬ ነው። መጀመሪያ የገባሁት ኣቦይ ተስፋይ የሚባሉ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት ነበር። ውሃው እንዴት እንደፈሰሰ ጠየቁኝ። እኔም የኪሎፓስካልንና የባርን ነገር ከመሠረቱ ጀምሬ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ መሐል ላይ ጥያቄም ጠየቁ። ስጨርስ «እሞ፣ ወደይ፣ እኔ ጋ እንኳ ውሃ የለም» አሉኝ።

ሁለተኛው ቤት ከግቢያችን ጀርባ ያለው ነው። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ገና አፌን ሳልከፍት የቧንቧ ክርኑን ሰጠችኝ። «የናንተ ነው መሰለኝ» አለች። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ካቆመች የምጠየቀው እኔ መሆኔን በትሕትና ነግራኝ፣ እግዜር ይስጣት፣ ግማሽ ጄሪካን ሞላችልኝ። ሦስተኛው ቤት በር ላይ የቆመች ወጣት ግን ገና ከሩቅ እንዳየችኝ ወደ ውስጥ ዞር ብላ «እማ፣ ሃያ ስምንት ባር መጣ» አለች። ከፈነዳ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም። ስሜ ከውሃው ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶታል። ክው አልኩ፤ ግን ጄሪካኑን ዘረጋሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሶ፣ አንድ ተኩል ጄሪካን ውሃ ይዤ ተመለስኩ። ኣደይን በምን ዐይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ ነው የገባሁት። ማብሰያው ጋ ግን ሳቅ ይሰማል። ሴቶቹ ስዋው ላይ ውሃ ይጨምራሉ፤ ወይዘሮ የሺ ሽንኩርቱን እንደ አዲስ ታጥባለች። አየሁ፤ ማመን አቃተኝ። ከእኔ ክፍል ጀርባ፣ ከዕድሩ ለተዝካሩ የመጡት አራቱ ሰማያዊ በርሜሎች፣ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ጢም ብለው ሞልተው ቆመዋል።

«ይህ ከየት መጣ?» አልኩ።

«ከሮቶው ነዋ» አለች ወይዘሮ የሺ። «አንተ ሻይ ስትጠጣ ሃፍቶም በጎማ ቀድቶት ኖሯል፤ ያሳየን አንተ ከወጣህ በኋላ ነው። ለምን ብንለው ‘ለማንኛውም’ አለን።»

ከፍንዳታው ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ጄሪካኖቼን አስቀምጬ እነሱው ላይ ቁጭ አልኩ። ጃኬቱ፣ ፌስታሉ፣ ያልነበረው ፀሐይ፣ ያልነበረው ነፋስ ሁሉም አንድ በአንድ ገባኝ። ሰውየው ገና ብሎኗን ሳይነካ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። እኔን ከማረም ይልቅ እንደ ኖኅ ለጥፋት ውሃ መዘጋጀትን መረጠ።

እሑድ ተዝካሩ ወጣ። አወጣጡም ያማረ ነበር። ከውቅሮ የመጡት ዘመዶች በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን «28 ባር» አይተው የቤት ቁጥር መስሏቸው ነበር፤ ማንም አላረማቸውም። እኔ ራሴን የዕለቱ እጅ አስታጣቢ አድርጌ ሾሜ ከእንግዳ እንግዳ እየዞርኩ አስታጠብኩ፤ ውሃውን እንደ ሽቶ ነበር የምቆጥበው። ስዋው ዞረ፤ ደግሞም ዞረ። ወደ ማብቂያው ኣደይ ለተብርሃን የኣቦይ ሃይሉ ፎቶ ሥር ተቀምጠው ሲናገሩ ሰማሁ። «ጠምቶት የሄደ የለም፣ ሃይለይ። አንድም የለም» ይሉታል። ዐይኔ ዕንባ አቀረረ። ከዚያ ጠሩኝና በእጃቸው አጎረሡኝ። እኔን መሳይ ሰው ማጉረሥ ትልቅነት ይጠይቃል።

ሰው ሲቀል ዋንጫዬን ይዤ ድንኳኑ ጥግ ሃፍቶም ያለበት ሄጄ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ የከነከነኝን ነገር ልጠይቀው ነው።

«ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት።

«ምኑን፣ መምህር?»

«እንደሚፈነዳ።»

ዋንጫውን አዟዟረው። «ትንሽ ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«በሰው ፊት? መምህር ተሳስቷል ብዬ?» አለኝ፤ እሱ በእኔ ደነገጠ። «እንዴት ተደርጎ። ይሉኝታ የለኝም እንዴ?»

«ብቻዬን ጠርተህ ብትነግረኝስ?»

«ብቻችንን ሆነንማ የባሰ ነው። ሰው ባለበት ቀልድ ይመስላል፤ ብቻችንን ግን ስድብ ይሆናል።»

«ግቢው ሊጠፋ ነበር እኮ፣ ሃፍቶም።»

«ቧንቧ ይጠገናል፣ መምህር» አለኝ።

አንድ ጉንጭ ስዋ ጠጣሁ። ሃፍቶም የሚያጽናናኝ ነገር የሚፈልግ ይመስል ትንሽ አሰበና፣ «ደግሞ አስሯ ለእኔ አዲስ አልሆነችብኝም። ቀድሞም አውቃታለሁ» አለ።

«የትኛዋን አስር?»

«አንድ ባር አስር ኪሎፓስካል የምትለዋን። ሰናይት ልጄ የእርስዎ ተማሪ አይደለች?»

ሰናይት። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ የምለውን ሁሉ ቃል በቃል የምትጽፍ ልጅ ናት። የሱ ልጅ መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ባለፈው ደብተሯን ይዛ መጣች» አለ ሃፍቶም። «አንድ ባር አስር ነው አለችኝ። የለም ልጄ፣ መቶ ነው፣ እኔ በየቀኑ የምሠራበት ነው አልኳት። መምህር ነው ያሉን ብላ አለቀሰች። እኔም እልህ ያዘኝና ባርም ኪሎፓስካልም የተጻፈበትን መለኪያዬን አምጥቼ አሳየኋት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። ኋላ እናቷ ናት የዳኘችን።»

«እንዴት ብላ ዳኘቻችሁ?»

«ፈተና ላይ አስር ብለሽ ጻፊ፣ ቧንቧ ላይ መቶ ነው አለቻት። እኔም ተስማማሁ፤ ሰናይትም ተስማማች። የክፍል ጓደኞቿም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት አሉ።»

አርባ ስምንት ተማሪ ነው ያለኝ። አርባ ስምንት ደብተር፣ አርባ ስምንት አባትና እናት በዐይኔ ላይ መጡብኝ። ባለፈው ፈተና አንድ ልጅ ብቻ «100 ኪሎፓስካል» ብሎ ጽፎ ነበር። መለኪያውን ሳይረሳ፣ አሳምሮ። በቀይ ሰርዤበት «አስተውል» ብዬ ጽፌለታለሁ።

«ሰናይትስ ፈተናው ላይ ምን ጻፈች?» አልኩት።

«አስር ነዋ። ሙሉ ሰጥተዋታል» አለና ሃፍቶም ከተቀመጠበት ከፍ ብሎ፣ ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለልኝ። «የቐንየለይ፣ መምህር። እግዜር ይስጥልኝ።»